ከጂንካ ገበያ እስከ ብርሌ፦ ተረት የሚመስል መጠጥ በቤት ውስጥ

በተረት ዓለም የተቃኘ ኮክቴል ሲባል አንድ የታሰበ ቦታ፣ አንድ ልብ ወለድ ወይም አንድ የጥንት ታሪክ በብርጭቆ ውስጥ እንዲታይ ተደርጎ የሚቀመም መጠጥ ማለት ነው። ከታች ወርቃማ ከላይ ቀይ ሆኖ በንብርብር ይቆማል፤ አንድ ጠብታ ሲያርፍበት ቀለሙን ይለውጣል፤ ከአፉ ላይ ጭስ ይነሣል። በሌላው ዓለም ይህ ሰፊ ገበያ አለው። በሃሪ ፖተር መጻሕፍት ውስጥ ተማሪዎቹ የሚጠጡት የቅቤ ቢራ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በአሜሪካ ኦርላንዶ ባለው የዩኒቨርሳል መዝናኛ ፓርክ ይሸጣል። ልጅ አዋቂው ተሰልፎ ይገዛዋል፤ አልኮል ግን ጠብታ የለበትም። ይህን ከመነሻው መያዝ ይጠቅማል፤ ከዚህ በታች የምገልጻቸው መጠጦች ከአንዱ በቀር ሁሉም ያለ አልኮል ይሠራሉ።

ጂንካ ተቀምጦ ይህን የሚያስብ ሰው ከውጭ የሚመጡት ባለቀለም መጠጦች ስለማይገኙ ሐሳቡን ሊተወው ይችላል። መተው የለበትም። ከተማዋ ከባሕር ወለል ወደ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በአሪ ደጋማ አገርና በኦሞ ቆላ መካከል የተቀመጠች ናት። ቅዳሜ ገበያዋ ሲቆም ከደጋው ቡና፣ ኮረሪማና ዝንጅብል ይወርዳል፤ ማር፣ ማንጎ፣ ፓፓያና ሙዝ ይገባል። ለአንድ መጠጥ መዓዛ፣ ጣፋጭነትና ቀለም የሚሰጡት ነገሮች እዚያው መሬት ላይ ተዘርግተው ይጠብቃሉ። ሐሙስ የቀይ አፈር፣ ሰኞ የቱርሚ ገበያ የሚውል ሰውም ማርና ቅል ከዚያው ይዞ መመለስ ይችላል።

ወደ አሠራሩ ከመግባቴ በፊት አጥብቄ የምለው አንድ ነገር አለ። ደቡብ ኦሞን ከሩቅ የሚያይ ሰው «ተረት» የሚለውን ቃል ሲሰማ ቶሎ ወደ ሰዎቹ ያመራል፤ የሙርሲ ሴት የከንፈር ሸክላ፣ የሐመር ወጣት የከብት ዝላይ፣ የካሮ የገላ ቀለም ለመጠጥ ስምና ለብርጭቆ ጌጥ ይመስሉታል። እነዚህ ሰዎች ዛሬ ገበያ የሚውሉ፣ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት የሚልኩ፣ በድርቅና በጎርፍ የሚቸገሩ ዜጎች ናቸው። ሥርዓታቸው የራሳቸው ነው፤ የሌላ ሰው የግብዣ ማስዋቢያ አይሆንም። ጭብጥ የሚፈልግ ሰው ከመሬቱ ይውሰድ፦ ከማጎ ምሽት፣ ከኦሞ ወንዝ፣ ከአሪ ተራራ ጉም፣ ከንብ ቀፎ። ስለ ሕዝቦቹ ማወቅ የሚሻ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1993 ወደ ተቋቋመው፣ ጂንካ ኮረብታ ላይ ወዳለው የደቡብ ኦሞ የምርምር ማዕከልና ሙዚየም ይውጣ። እዚያ ቅሉና በርጩማው ከነባለቤቱና ከነአገልግሎቱ ይታያል።

አሁን ወደ ማሩ። የንብርብር መጠጥ ምስጢሩ ክብደት ነው። አንድ ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ሲመዝን አንድ ሊትር ማር 1.4 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ንጹሕ አልኮል ደግሞ 0.8 ኪሎ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ስኳር የበዛበት ፈሳሽ ወደ ታች ይሰምጣል፤ አልኮል የገባበት ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ ጭማቂ በመካከል ይቀራል። በየከተማው ጭማቂ ቤት የምንጠጣው ስፕሪስ የዚህ ዘመድ ነው፤ እዚያ ግን ንብርብሩን የሚያቆመው በዋናነት የአቮካዶውና የማንጎው ውፍረት ነው። በቀጭን ፈሳሽ ያንኑ ለማድረግ የክብደቱን ቅደም ተከተል መጠበቅ ግድ ይላል።

መሠረቱ የማር ሽሮፕ ነው። አንድ ብርጭቆ ወለላ ማር በግማሽ ብርጭቆ ሙቅ ውሃ ይበጥብጡ። ማሩን እሳት ላይ አያፍሉት፤ መዓዛው ተኖ ይጠፋል። ከአምስት ስድስት ኮረሪማ ፍሬውን አውጥተው ወቀጥ ያድርጉና ይጨምሩበት፤ የአውራ ጣት ጫፍ የሚያህል ዝንጅብል ከትፈው ያክሉ። ለአንድ ሰዓት ይቀመጥ፤ ከዚያ በማጥለያ ይጥለል። ማር ለብቻው ዓመት ቢቀመጥ የማይበላሸው በውስጡ ያለው ውሃ ከ20 በመቶ ስለማይበልጥ፣ እርሾውም በዚያ ደረቅነት መሥራት ስለማይችል ነው። ውሃ ሲገባበት እርሾው ይነቃል፤ ጠጅም የሚጀምረው እንዲህ ነው። ስለዚህ ሽሮፑ ማቀዝቀዣ ካለ ሳምንት ይቆያል፤ መብራት በሚጠፋበት ሰሞን ወይም ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ግን በሁለት ቀን ውስጥ ማለቅ አለበት።

የመጀመሪያውን መጠጥ «የማጎ ምሽት» ብየዋለሁ። የማጎ ብሔራዊ ፓርክ ከጂንካ በደቡብ ምዕራብ በኩል ነው፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የደረቀው ሣር ወርቅማ ሆኖ ሰማዩ ከላዩ ይቀላል። ረጅምና ቀጥ ያለ ብርጭቆ ውስጥ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የማር ሽሮፕ ያፍስሱ፤ በረዶ ይጨምሩ። በወንፊት የጠለለና በትንሽ ውሃ የቀጠነ የማንጎ ጭማቂ፣ አንድ የቡና ሲኒ ያህል፣ በቀስታ ያንቆርቁሩበት። ቀጥሎ ከርከዴ ነው፦ አንድ እፍኝ የደረቀ ከርከዴ በሁለት ብርጭቆ የፈላ ውሃ ውስጥ አሥር ደቂቃ ዘፍዝፈው፣ አጥልለው፣ ስኳር ሳይነካው በደንብ ያቀዝቅዙ። ስኳር ከገባበት ይከብድና ወደ ማንጎው ይሰምጣል። ማንኪያ ገልብጠው ጫፉን ከብርጭቆው ግድግዳ ጋር በማስነካት ከርከዴውን በማንኪያው ጀርባ ላይ ቀስ እያሉ ያፍስሱ። ፈሳሹ ኃይሉ ተሰብሮ ከማንጎው በላይ ይተኛል። አልኮል የሚፈልግ ሰው 30 ሚሊ ሊትር ጂን ከከርከዴው ጋር ቀድሞ ይቀላቅል፤ ላይኛው ንብርብር ይበልጥ ይቀልና ሳይደባለቅ ይቆያል። እንግዳው አይቶ ሲጠግብ ራሱ አማስሎ ይጠጣዋል፤ ኮረሪማው የሚሰማው ያኔ ነው።

በብርሌ ማቅረብ የሚፈልጉ አሉ፤ ልክ ናቸው። ሆዱ ክብ፣ አንገቱ ረጅም የሆነው ብርሌ በተረት ሥዕሎች ላይ የምናየውን የጠቢባን ጠርሙስ ይመስላል፤ ለዚህ ሥራ ሌላ ዕቃ መግዛት አያስፈልግም። ችግሩ ማንኪያ በአንገቱ አለማለፉ ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፦ ቀላሉ ከርከዴ መጀመሪያ ይገባል፤ ከዚያ ስትሮ እስከ ብርሌው ታች ድረስ ሰደው ማንጎውን በትንሽ ማንቆርቆሪያ ወይም መርፌው በወለቀለት አዲስና ንጹሕ ሲሪንጅ በስትሮው ውስጥ ይልኩታል። ሽሮፑ መጨረሻ ይገባል። እያንዳንዱ ከባድ ፈሳሽ ከሥር ገብቶ ቀላሉን ወደ ላይ ያነሣዋል።

ጭሱ የዚህ ጽሑፍ ዋና ደስታዬ ነው። በትልልቅ ከተሞች ቡና ቤቶች ብርጭቆን በእንጨት ጭስ አጥኖ ኮክቴል ማቅረብ እንደ አዲስ ጥበብ ይታያል፤ ዋጋውም ከፍ ይላል። እናቶቻችን ግን ይህን ሲሠሩት ኖረዋል። ጠላ የሚጠመቅበት ጋን በግራዋ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል፤ የወተት ዕቃም እንዲሁ። ጭሱ የዕቃውን ሽታ ያጠፋል፤ ተሕዋስያንን ይቀንሳል፤ ለሚገባበት ፈሳሽ ደግሞ ጠረን ያወርሳል። ለብርጭቆ ሲሆን ትንሽ ደረቅ የወይራ እንጨት ጫፍ ያቀጣጥሉ፤ ነበልባሉን እፍ ብለው አጥፍተው ጭሱ ሲበረታ በሸክላ ሳህን ላይ ያስቀምጡት፤ ብርጭቆውን ገልብጠው ይድፉበት። ግማሽ ደቂቃ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ከቆየ ይመርራል። ቀጭን ብርጭቆ በሙቀት ይሰነጠቃልና ወፍራም ብርጭቆ፣ ሸክላ ወይም ቅል ይሻላል። ብርጭቆውን ሲያቀኑት ቀዝቃዛው መጠጥ ወዲያው ይግባ፤ ጭሱ በላዩ ላይ ለጥቂት ጊዜ ይቆያል። ሥራው መስኮት በተከፈተበት ቤት ወይም በረንዳ ላይ ይሁን። በዝግ ክፍል ውስጥ ከሰል ማንደድ በየዓመቱ ሰው የሚገድል ነገር ነውና ለጌጥ ብሎ ማንም እንዳይሞክረው።

ከወይራ ጭስ ጋር እጅግ የሚስማማው የቡና ገለባ ነው። በደቡብ ኦሞ ቆላ፣ በሐመርና በአካባቢው፣ ሾፎሮ ተብሎ የሚጠራው የቡና ገለባ በትልቅ ማሰሮ ይፈላና በቅል ይጠጣል፤ ገለባው ከአሪ ደጋ ወርዶ በገበያ የሚገኝ ነው። በሐመር ቤት ሽማግሌው ከቡናው ተጎንጭቶ እየረጨ ባርጆ ይጠራል፤ ለሰው፣ ለከብትና ለእህል በጎውን ይለምናል። ይህን ምርቃት ማንም ለግብዣ ትርኢት እንዳያደርገው እለምናለሁ፤ መጠጡን ግን በክብር መውደድ ይቻላል። ሁለት እፍኝ የታጠበ ገለባ በአንድ ሊትር ውሃ ሃያ ደቂቃ ያፍሉ፤ አጥልለው ያቀዝቅዙ። ቀለሙ እንደ ሻይ የጠቆረ፣ ጣዕሙ ፍራፍሬ ፍራፍሬ የሚል ይሆናል። በታጠነ ቅል ውስጥ ከማር ሽሮፕና ከጥቂት የሎሚ ጠብታ ጋር ሲቀርብ ሌላ ምንም አያስፈልገውም። አልኮል አይጨመርበት የምለው ለጣዕም ስል ሳይሆን ለጤና ነው፦ በገለባው ውስጥ ያለው ካፌይን ጠጪው የሰከረ እንዳይመስለው ስለሚያደርግ ከልኩ በላይ ይጠጣል።

ቀለም የሚለውጥ መጠጥ ለልጆች እንኳ የሚያስደንቅ ነው፤ ምስጢሩ ግን ተራ ኬሚስትሪ ነው። ሐምራዊው ጥቅል ጎመን አንቶሲያኒን የሚባል ቀለም አለው። ይህ ቀለም በኮምጣጣ ነገር ውስጥ ይቀላል፤ በሶዳ ውስጥ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። የተከተፈ ጎመን በፈላ ውሃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ዘፍዝፈው ያጥልሉ፤ እሳት ላይ ካፈሉት የጎመን ሽታ ያመጣል። በጣት ጫፍ ቤኪንግ ሶዳ ጣል ሲያደርጉበት ሰማያዊ ይሆናል፤ ከበዛ አረንጓዴ ይሆንና ጣዕሙም ሳሙና ሳሙና ይላል። ብርጭቆ ውስጥ የአንድ ሎሚ ጭማቂና የማር ሽሮፕ አስቀምጠው ሰማያዊውን ከላይ ሲያፈሱ በዓይን ፊት ሮዝ ይሆናል። ከርከዴም ይኸው ዓይነት ቀለም አለው፤ ግን በተፈጥሮው ኮምጣጣ ስለሆነ ከመጀመሪያው ቀይ ነው፤ ሎሚ ቢጨምሩበት ከመድመቅ በቀር አይለወጥም። ቀይ ሥር ደግሞ ሌላ ዓይነት ቀለም ስላለው በሎሚ አይነቃነቅም።

አልኮል የግድ የሚያስፈልገው አንዱ መጠጥ ኡዞ ነው። በአገራችንም የሚመረተው ኡዞ ከጠርሙሱ ሲቀዳ እንደ ውሃ ጥርት ያለ ነው፤ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ይነጣል። አኒስ የሚሰጠው ዘይት በአልኮል ውስጥ ይሟሟል፤ በውሃ ውስጥ ግን አይሟሟም። ውሃው ሲበዛ ዘይቱ በዓይን ወደማይለዩ ጠብታዎች ይበታተንና ብርሃን ይበትናል። 30 ሚሊ ሊትር ኡዞ በብርሌ ቀድተው ቀዝቃዛ ውሃ በቀጭኑ ሲያንቆረቁሩ፣ በክረምት በአሪ ተራሮች ላይ የሚወርደው ጉም በብርሌው ሆድ ውስጥ ሲሰበሰብ ያዩታል። ስኳርም ሆነ ማር አያስፈልገውም።

የሚያበራ መጠጥ የሚሹ ቶኒክ ውሃ ቢያገኙ፣ ሐሰተኛ ብር የሚለይበትን ሐምራዊ መብራት ከሱቅ ተውሰው ክፍሉን ያጨልሙና ያብሩበት። ቶኒክ ውስጥ ያለው ኪኒን በዚያ ብርሃን ሰማያዊ ሆኖ ያበራል። ወባ በሚበዛበት አገራችን አንድ ነገር ልጨምር፦ ቶኒክ የወባ መድኃኒት አይደለም። አሜሪካ በአንድ ሊትር ቶኒክ ውስጥ ከ83 ሚሊ ግራም በላይ ኪኒን እንዳይኖር ትገድባለች፤ ይህ ከሕክምናው መጠን ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ትኩሳት የያዘው ሰው ጤና ጣቢያ ይሂድ።

አረፋ ለማውጣት ውጭ አገር ጥሬ የእንቁላል ነጭ ይጠቀማሉ። የእኛ ቤት የተሻለ አለው፦ ሽምብራ የተቀቀለበት ወፈር ያለ ውሃ። ጨው ያልገባበት ሁለት ማንኪያ ከመጠጡና ከሎሚው ጋር ክዳን ባለው ማሰሮ ጠርሙስ ውስጥ ለአንድ ደቂቃ በኃይል ሲናጥ ነጭ፣ ድርብ አረፋ ያወጣል። ለጾመኛም ይሆናል።

ከጥንት ታሪክ ጭብጥ ልውሰድ ለሚል የክብረ ነገሥቱ የማክዳና የሰሎሞን እራት አለ። ንጉሡ ቅመም የበዛበት ምግብ አቀረበላት፤ ሌሊት ጥም አነቃት፤ ውሃ ጠጣች፤ ከቤቱ ምንም ላለመውሰድ የገባችው ቃልም በዚያ ፈረሰ። በአገራችን ትረካ ውስጥ ከዚያ ውሃ የበለጠ ክብደት የተሸከመ መጠጥ አላውቅም። በሁለት ዕቃ ይቅረብ፦ በቡና ሲኒ የማር ሽሮፕ፣ ሎሚና በቢላ ጫፍ የተነካ ሚጥሚጣ፣ በአንድ ጉንጭ የሚጠጣ፤ አጠገቡ በጥርት ያለ ብርጭቆ እጅግ የቀዘቀዘ ውሃ፣ ናና ለአንድ ሰዓት የተዘፈዘፈበት። ቀለም የለውም፤ ጌጥ የለውም። እንግዳው ከሲኒው በኋላ ወደ ውሃው እጁን ሲዘረጋ ታሪኩን ይንገሩት።

አሁን የማይነኩ ነገሮች። በኦሞ ቆላ ድንጋያማ ቦታ ላይ ግንዱ ያበጠ፣ ቅጠሉ ጥቂት፣ አበባው ደማቅ ሮዝ የሆነ ተክል አለ፤ የበረሃ ጽጌረዳ ይሉታል። ለብርጭቆ ጌጥ የተፈጠረ ይመስላል፤ ወተቱ ግን ልብን የሚያቆም መርዝ ነው፤ በአፍሪካ አንዳንድ ቦታዎች ለቀስት መርዝ ይውላል። በየመንገዱ ዳር የሚበቅለው፣ ነጭ መለከት የመሰለ አበባ ያለው አስተናግርም አእምሮን ያቃውሳል፤ ይገድላልም። አበባ ማስቀመጥ ካስፈለገ ራሳችን የምንበላው ይሁን፤ የከርከዴ ፍሬ ቅርፊት፣ የናና ወይም የበሶብላ ጫፍ ይበቃል። ጤና አዳም መዓዛው ግሩም ነው፤ ለነፍሰ ጡር ግን አይሰጥም። የእጅ ሥራ ብልጭልጭ ዱቄት ፕላስቲክ ስለሆነ መጠጥ ውስጥ አይገባም። ደረቅ በረዶ ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ የሚቀዘቅዝ ነው፤ ቢዋጥ ጉሮሮና አንጀት ያቃጥላል፤ የወይራው ጭስ እያለ ምንም አያጎድልም። አረቄ ላይ እሳት ለኩሶ ማቅረብም ይቅር፤ ነበልባሉ በቀን ብርሃን አይታይም፤ ጠርሙስ ይዞ የሚጨምር ሰው እጁንና ፊቱን ያቃጥላል።

ስለ አረቄ ካነሣሁ፣ በአሪ ቤቶች የሚወጣው አረቄ የብዙ እናቶች መተዳደሪያ ነው፤ ሥራውንም አከብራለሁ። ለኮክቴል ግን ጥንካሬው ከቤት ቤት ስለሚለያይ ልኩን ማወቅ ያስቸግራል። ማርና ማንጎ ደግሞ የአልኮልን ጣዕም ይሸፍናሉ፤ ጠጪው ስንት እንደጠጣ ምላሱ አይነግረውም። ከማይታወቅ ምንጭ የመጣ መጠጥ ሜታኖል ሊኖርበት ይችላል፤ ከጠጡ በኋላ ዓይን መደብዘዝ ወይም ከባድ ራስ ምታት ከመጣ ሳይዘገይ ሐኪም ቤት መድረስ ያስፈልጋል። ስለዚህ የታሸገና የአልኮል መጠኑ የተጻፈበት ይግዙ። 40 በመቶ የሆነ መጠጥ 30 ሚሊ ሊትሩ 10 ግራም ገደማ ንጹሕ አልኮል አለው፤ 330 ሚሊ ሊትር የሆነ 5 በመቶ ቢራ 13 ግራም ገደማ። አንድ ብርጭቆ ላይ ከ30 ሚሊ ሊትር አይለፉ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል፤ ቤት ውስጥም ዕድሜው ይኸው ቢሆን ደግ ነው።

በረዶው ከፈላ ውሃ ይሠራ። ቅዝቃዜ ተሕዋስያንን ያስተኛል እንጂ አይገድልም፤ ያልፈላ ውሃ ሆኖ ከቀዘቀዘ ብርጭቆ ውስጥ ሲቀልጥ ሆድ ያማል። ፍራፍሬውም ከመላጡ በፊት ይታጠብ፤ ቢላው ከልጣጩ ወደ ሥጋው ቆሻሻ ይወስዳልና።

እንግዳ ሲመጣ ሥራው እንዳይደራረብ ሽሮፑ፣ ከርከዴውና ገለባው በዋዜማው ይዘጋጁ፤ ማንጎውና የጎመኑ ውሃ በዕለቱ። ጭሱና ንብርብሩ እንግዳው ፊት ይሠሩ። አልኮል ያለበትና የሌለበት በተለያየ ዕቃ ይቅረቡ፤ ለምሳሌ አልኮሉ በብርጭቆ፣ ሌላው በቅል፤ ማንም በስህተት እንዳያነሣ። የተረፈው የማር ሽሮፕ በማግስቱ በአራት እጥፍ ቀዝቃዛ ውሃ ሲቀጥን ኮረሪማ የሸተተው ብርዝ ይሆናል፤ ልጆች በምሳ ሰዓት ይጠጡታል።